ወተት ልተው ወይስ ልቀጥል? ሆዳችሁን የምትጠይቁበት መንገድ

አንድ ፋሲካ ላይ የሆንኩትን ልንገራችሁ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾሜ፣ ሌሊቱን አስቀድሼ፣ ዶሮውን በልቼ፣ ጠዋት እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ ልጇ አርባ ዓመት ይሙላው ስድሳ ግድ የላትም። «ገርጥተሃል፣ በል ይቺን ጠጣ» አለችና ትልቁን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልታ፣ ስልባቦቱ ከላይ ተንሳፍፎ፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ከዚያ ታክሲ ያዝኩ። መገናኛ ሳልደርስ ሆዴ ማውራት ጀመረ። መጀመሪያ ለራሱ ነበር የሚያንጎራጉረው፣ በኋላ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ አጠገቤ የተቀመጡት እናት እንኳ ዞር ብለው አዩኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ። የቀረውን እናንተ ሙሉት።

ያኔ ነው «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወተት ምን ያደርግልኛል?» ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። ጥያቄውን ለሰው ስትወረውሩት ሁለት ወገን ታገኛላችሁ። አንዱ «ወተት ሙሉ ምግብ ነው፣ ያልጠጣ አጥንቱ ይሰበራል» ባይ ነው። ሌላው ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያየው ነው፤ «ከሰው በቀር ጡት ከጣለ በኋላ ወተት የሚጠጣ እንስሳ የለም» ይላችኋል። እውነት ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። ሽሮ የሚሠራ እንስሳም የለም።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገርና ወደ ሥራው እንግባ። ወተት ለአዋቂ ሰው ግዴታ አይደለም። የሚያስፈራ ነገርም አይደለም። መጠጣት አለመጠጣታችሁን የሚወስኑት ሆዳችሁ፣ ከወተቱ ሌላ የምትበሉት ምግብና ወተቱ የመጣበት ቦታ ናቸው። ሦስቱንም ቤታችሁ ሆናችሁ ማጣራት ትችላላችሁ።

በሆድ እንጀምር። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ወተት፣ 12 ግራም ያህል ይይዛል። ይሄ ስኳር እንዳለ ወደ ደም አይገባም፤ ቀጭኑ አንጀት ላይ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ለሁለት ሊከፍለው ይገባል። ሕፃን ሳለን ይሄ ኢንዛይም ሞልቶን ነበር። ጡት ከጣልን በኋላ ግን የብዙ ሰው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንዲህ ነው። ያልተከፈለው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ድግስ ይደግሱበታል። ጋዝ ይፈጠራል፣ ውኃ ይሳባል፣ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ሲብስም ወደ መጸዳጃ ያስሮጣል። ልብ በሉ፣ ይሄ በሽታ አይደለም። እንዲያውም ከሰው ልጅ አብዛኛው እንዲህ ስለሆነ፣ የተለዩት ወተት የሚስማማቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

እነዚህ የተለዩት ደግሞ እኛ አገር በደንብ አሉ። ለብዙ ዘመን በከብትና በግመል ወተት በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ፣ ለምሳሌ አፋር ውስጥ፣ ኢንዛይሙ እስከ እርጅና የሚዘልቅላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ይህን የሚያደርገው በዋናነት አንድ የዘረመል ለውጥ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ግን በአንድ አገር ውስጥ የተለያዩ ለውጦችን አግኝተዋል። ስለዚህ የሥራ ባልደረባችሁ ግማሽ ሊትር ጠጥቶ እንደ ውኃ ሲያልፍለት እናንተ በማኪያቶ ከተነፋችሁ፣ እሱ ጠንካራ እናንተ ልፍስፍስ ስለሆናችሁ አይደለም።

ሙከራው እንዲህ ነው። ለአሥር ቀን ወተት ነክ ነገር በሙሉ አቁሙ። ወተት፣ ማኪያቶ፣ አይስክሬም፣ ክሬም ያለበት ኬክ፣ ሁሉንም። የምትጾሙ ከሆነ ይሄ ክፍል በነፃ አልቆላችኋል። በነዚህ ቀናት ሆዳችሁ እንዴት እንደዋለ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ «ማክሰኞ፣ ደህና፣ ማታ ትንሽ ነፋኝ» ብትሉ ይበቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚገርመው ነገር ያገኛል፤ ወተት አቁሞም ሆዱ ይነፋል። ያ ከሆነ ጥፋቱ የወተቱ አልነበረም፣ ምናልባት ባቄላው ወይም ሽንኩርቱ ነው፤ ወተትን ሳታጣሩ አትክሰሱ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሥራ የማትገቡበት ቀን ይሁን (ከኔ ተማሩ)፣ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ የፈላና የቀዘቀዘ ወተት ጠጡ። ስኳር፣ ቡና፣ ዳቦ የለም። ከዚያ ጠብቁ። የሚመጣ ነገር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ትንሽ ይዘገያል። ምንም ካልሆናችሁ ፋይሉን ዝጉት፤ ወተት ይስማማችኋል።

ከሆናችሁ ግን ወዲያው «ወተት አልችልም» ብላችሁ ለዘመድ አታውጁ። ከሁለት ቀን በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ከቁርስ ጋር ሞክሩ። ከምግብ ጋር ሲሆን ወተቱ ከጨጓራ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ያለችው ትንሽ ኢንዛይም ትደርስበታለች። ኢንዛይማቸው ከቀነሰባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እስከ አንድ ብርጭቆ ድረስ፣ በተለይ ከምግብ ጋር፣ ያለ ብዙ ችግር ይችላሉ። ማኪያቶ ደግሞ ወተቱ ትንሽ ናት፤ ከማኪያቶ የማይስማማችሁ ብዙ ጊዜ ቡናው ነው፣ ወይ በቀን አራት መሆኗ።

ሁለት ነገር ግን ከዚህ ሙከራ ውጭ ነው። ወተት ስትጠጡ ከንፈር የሚያብጥ፣ ገላ የሚያሳክክና ሽፍታ የሚያወጣ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ያ አለርጂ ነው፤ በቤት አይሞከርም፣ ሐኪም ጋ ነው። ሌላው፣ ድሮ ወተት ተስማምቷችሁ ኖሮ በቅርቡ ድንገት እምቢ ካላችሁ ሰገራ አስመርምሩ። ጃርዲያ የአንጀቱን ግድግዳ ሲጎዳ ኢንዛይሙም ለጊዜው ይጠፋል፤ ታክሞ አንጀቱ ሲያገግም ወተቱም ይመለሳል። ጃርዲያ ይዞት ዓመት ሙሉ ወተትን የሚያማ ሰው አውቃለሁ። ክብደት ከቀነሳችሁ ወይም ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ ደግሞ አሥር ቀንም አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አሁን ወደኔ ታክሲ እንመለስ። ከጾም በኋላ ለምን ይብሳል? ወተት አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ኢንዛይሙ ባይኖረውም የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎቹ ላክቶስን ይለምዱታል፣ ጋዙም ይቀንሳል። ለሁለት ወር ስታቆሙ ያ ልምድ ይጠፋል። ስለዚህ ፋሲካ ጠዋት ትልቁን ብርጭቆ ስትቀበሉ፣ ሆዳችሁ ያልጠበቀው እንግዳ ነው የመጣበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሩብ ብርጭቆ ከምግብ ጋር፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መሄድ ነው መላው። የዶሮው ቅቤ፣ የክትፎው ቅቤ፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው በአንድ ቀን ሲወርዱ የሚመጣው ቁርጠት ግን የላክቶስ አይደለም፣ የስግብግብነት ነው፤ ንጥር ቅቤ ውስጥ ላክቶስ የለም ቢባል ይቀላል።

ከዚያ በኋላ እናቴን ከሆዴ ጋር በእርጎ አስታረቅኳት። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን በልተው አሲድ ያደርጉታል፣ የቀረውንም ሆድ ውስጥ ገብተው መፍጨት ያግዛሉ። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ግን እንዳለ ነው። ወተት አልችልም ከሚሉኝ ሰዎች ስንቱ እርጎ ሞክሮ እንደተገላገለ! አገር ቤት እርጎ የሚረጋው በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ጥሬው ወተት ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ ነው። ጣዕሙን የሚያህል የለም፣ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ጥሬ ወተት ውስጥ ያለ የብሩሴላ ወይም የቲቢ ተህዋስ በመርጋት ብቻ ይሞታል ተብሎ አይታመንም።

ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ወተቱን አፍሉና ትንሿ ጣታችሁን ከታችሁ አሥር ድረስ ቆጥራችሁ ሳያቃጥላችሁ መቆየት እስክትችሉ አቀዝቅዙት። ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ፣ በፈላ ወተት ከተሠራው፣ ጨምሩና አማስሉ። ዕቃውን ክደኑት፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉና ማዕድ ቤት ጥግ አስቀምጡት። ማታ ያደረጋችሁት ጠዋት ረግቶ ይጠብቃችኋል። የሌሊቱ ብርድ ጠንከር ካለ እስከ ቀትር ሊወስድ ይችላል፣ እየከፈታችሁ አትነካኩት። ዕቃውን በወይራ ማጠን ከቻላችሁ ጣዕሙም አይቀርባችሁም። ለቀጣዩ ሁለት ማንኪያ ማስቀረት አትርሱ፤ እኔ ሁሌ እረሳለሁ።

አይብስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። አይብ ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ላክቶሱም አነስ ያለ ነው። ግን አይባችን የሚሠራው አሬራው ቀስ ብሎ ሲሞቅ፣ በአሲዱ ተቆራርጦ፣ አጓቱ ሲወጣ ነው። ካልሲየም ደግሞ አሲድ ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ ብዙው ከአጓቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። በክትፎ ላይ የተቆለለ አይብ አጥንቴን ጠበቀልኝ ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ረንኔት በሚባል የወተት ማርጊያ የሚረጉት ጠንካራ ፎርማጆዎች ናቸው ካልሲየሙን የሚይዙት፤ እነሱ ደግሞ ሲቆዩ ላክቶሳቸው ከሞላ ጎደል ያልቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወተት ብተው ከየት ላገኘው ነው? አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየምና 8 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። አሜሪካኖች ለአዋቂ በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም፣ ከ50 በላይ ለሆነች ሴት 1200 ይላሉ። እንግሊዞች ለአዋቂ 700 ይበቃል ይላሉ። አዋቂዎቹ ራሳቸው ካልተስማሙ እናንተ በቁጥሩ እንቅልፍ አትጡ፣ ግን ባዶ እንዳይሆን ጠብቁ።

የምሥራች አለ። ጤፍ እህል ብቻ አይደለም። 100 ግራም ጤፍ ውስጥ 180 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለ፤ ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ሩዝና በቆሎ አጠገቡም አይደርሱ። ሊጡ መቦካቱ ደግሞ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። እንጀራው በሩዝ ወይም በሌላ ዱቄት ከተደባለቀ ግን ይህ ሂሳብ ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ ግን ጎመን። ሰውነታችን ከወተት ካልሲየም የሚወስደው ሲሶ ያህሉን ነው። ኬልን ከመሰሉ የጎመን ዘመዶች ግን ግማሽ ገደማውን ይወስዳል። ቆስጣ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛባቸው ካልሲየማቸውን ጥርቅም አድርገው ይይዙታል፤ ከስፒናች የሚገኘው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው። አትክልት ተራ ስትሄዱ ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም «ለጤና ጥሩ» ናቸው። ለአጥንት ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት እጃችሁን ወደ ጎመኑ ዘርጉ። ቆስጣ አትብሉ አላልኩም፣ ወጡ ይጥማል፣ ወተትን ግን አይተካም።

የጾም ወተት የሚባሉትን እንይ። የአኩሪ አተር ወተት በፕሮቲኑ ከላም ወተት ጋር ይቀራረባል፣ ካልሲየም ካልተጨመረበት ግን በካልሲየም አይደርስበትም። ማሸጊያውን ገልብጡና «ካልሲየም» የሚል ፈልጉ። ካለ ደግሞ ከመቅዳታችሁ በፊት በደንብ ነቅንቁት፣ የተጨመረው ካልሲየም ታች ይዘቅጣል። የለውዝ ሻይ ይጣፍጣል፣ ያጠግባል፣ ካልሲየሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቅቤም እንዲሁ፣ ስቡ ነው እንጂ የወተቱ ካልሲየም የለበትም።

ወተት የሚስማማችሁ፣ ስንት ልጠጣ ካላችሁ፣ በቀን አንድ ብርጭቆ ወይም አንድ ሁለት ሲኒ እርጎ እላለሁ። በፈረንጆች 2014 ስዊድን ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቀን ሦስት ብርጭቆና ከዚያ በላይ ወተት የሚጠጡት ሴቶች የአጥንት ስብራታቸው አልቀነሰም፣ የሟቾቹም ቁጥር ከፍ ያለ ነበር። እርጎና ቺዝ የሚያዘወትሩት ላይ ግን ነገሩ በተቃራኒው ታየ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ይሄ ምክንያቱን አያረጋግጥም፣ በጥንቃቄ እዩት ብለዋል። እኔ ከሱ የወሰድኩት ብዙ ወተት ብዙ አጥንት ማለት አለመሆኑን ነው። አጥንት መራመድ፣ ሸክም ማንሳትና ፀሐይ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ማታ ወተት መጠጣት ብቻውን አያድንም።

ስለ ጨጓራ ደግሞ መናገር አለብኝ። «ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ ወተት አምጡልኝ» የማይባልበት ቤት የለም። ወተት ሲወርድ ያለሰልሳል፣ እፎይ ያሰኛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲረጭ ያደርጉታል፤ ትንሽ ቆይቶ ቃጠሎው ይመለሳል፣ እናንተም ሌላ ብርጭቆ ታዛላችሁ። ማቃጠሉ የሚመላለስ ከሆነ ለኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ተመርመሩ፣ እሱ መድኃኒት አለው። ሌላው ቀለም ቀቢዎችና ብየዳ ቤት የሚሠሩ ልጆች «አቧራውን ያጥባል» ብለው የሚጠጡት ነው። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ጭሱ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ነው፣ አይገናኙም። አሠሪያችሁ ወተት ሲሰጣችሁ ጠጡ፣ ከዚያ ማስኩን ጠይቁት።

የወተቱ መምጫ ሦስተኛው ነገር ነው። ከጎረቤት ላም የታለበ ወተት የምትገዙ ከሆነ አንድም ቀን ጥሬውን አትጠጡ። እስኪገነፍል አፍሉ፣ እሳቱን ቀንሱና እያማሰላችሁ ትንሽ አቆዩት። የብሩሴላ ትኩሳት ሲመጣ ሲሄድ፣ ላብ ላብ ሲያደርግ፣ መገጣጠሚያ ሲቆረጥም ብዙ ሰው ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ ወር ይከርማል። ፓስቸራይዝድ የሆነውን፣ ማለትም ፋብሪካ ላይ ሞቆ ተህዋሱ የተገደለውን፣ የፌስታል ወተት እንደ ገና ማፍላት ግዴታ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ከተደረደረበት ሱቅ ከገዛችሁት ግን እኔ አፈላለሁ። ማፍላት የማያጠፋው ነገር ደግሞ አለ። ላሟ የሻገተ ፋጉሎ ከበላች አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወተቷ ውስጥ ይገባል፣ እሳትም አይበግረውም። ወተት የምታመጣላችሁን ሴትዮ የምታውቋት ከሆነ ላሟን ምን እንደምታበላና መኖውን የት እንደምታስቀምጥ ጠይቋት። ፋጉሎው እርጥብ መሬት ላይ ተቆልሎ ካያችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ውጭ አገር ያላችሁ ጥቂት ነገር ልጨምርላችሁ። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ያለው ወተት ብዙውን ጊዜ ቫይታሚን ዲ ተጨምሮበታል፤ ክረምቱ ረጅም በሆነበት ከተማ ለጠቆረ ቆዳ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ግን የላም ወተት ላይ በአብዛኛው አይጨመርም፣ ስለዚህ የዲ ጉዳይ በኪኒን ነው የሚያልቀው፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ላክቶስ የሌለው ተብሎ የሚሸጠው ወተት እውነተኛ የላም ወተት ነው፤ ኢንዛይሙ ተጨምሮበት ስኳሩ አስቀድሞ ስለተከፈለ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ካልሲየሙ ያው ነው። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶች ደግሞ ላባን የሚባለው የአሬራችን የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከወተቱ ይልቅ እሱን ሞክሩ።

የመጨረሻው ወተትን ከምን ጋር እንደማትወስዱት ነው። ደም ማነስ ያለባት ሴት የአይረን ኪኒኗን በወተት፣ በሻይም ሆነ በቡና አትዋጥ፣ አይረኑ በደንብ ሳይገባ ይቀራል። ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም ከወተት ካልሲየም ጋር ተጣብቀው በደንብ ሳይሠሩ ይወጣሉ። «መድኃኒቱ ስለሚከብድ በወተት ዋጠው» የሚሏችሁ ሰዎች አሉ፣ እናቴም አንዷ ናት። በውኃ ዋጡት፣ ወተቱን ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት አርቁት። የታይሮይድ ኪኒን ጠዋት በባዶ ሆድ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ማኪያቶዋ እስከ ረፋድ ትቆያችሁ።